ሶማቶታይፕ ስለሚባለው ቃል

በአጅባር ገበያ ሰው የጠፋበት ሲጠይቅ አስቀድሞ የሚናገረው ቁመናውን ነው፤ መለሎ ነው፥ ሸንቃጣ ነው፥ ደልዳላ ነው፥ ወደል ነው ይላል። ይህን ሁሉ ባንድነት የሚይዘው ቃል ተክለ ሰውነት ይባላል። ተክል ያለው፥ ተከለ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነውና የሰውን አቋቋም ያመለክታል። የባሕር ማዶ ሊቃውንት ግን ለዚሁ ነገር ሶማቶታይፕ የሚል ስም አውጥተውለታል፤ አመጣጡም ሊመረመር የሚገባው ነው።

ቃሉ ከጽርዕ የተገጠመ ነው። ሶማ አካል ማለት ነው፤ ቲፖስም በመጀመሪያ ተመትቶ የሚቀረው ምልክት ነበር፥ በኋላ ግን አምሳል፥ ዓይነት ማለት ሆነ። ያወጣውም ዊልያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፥ ዘመኑም በአውሮፓ አቈጣጠር 1940 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ሰውን በአካሉ መመደብ ግን ከእርሱ አልተጀመረም። ከጥንት የጽርዕ ባለመድኃኒቶች ወገን ቀጭኑን ለሳንባ በሽታ፥ ወፍራሙን ለድንገተኛ ሽባነት የቀረበ ነው ያሉ ነበሩ፤ ጀርመናዊው ክሬችመርም በ1921 ስለ አካልና ስለ ጠባይ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር።

ሼልደን 4000 የሚያህሉ የተማሪዎችን ፎቶግራፍ ተመልክቶ ሦስት ስሞች አወጣ፤ ስሞቹንም ከፅንስ ወሰደ። ፅንስ በመጀመሪያ ሦስት ድርብርብ ንጣፎች አሉት። ከውስጠኛው አንጀትና የመሰለው፥ ከመካከለኛው አጥንትና ሥጋ፥ ከውጭኛው ቆዳና ጅማተ ስሜት ይሠራሉ። ስለዚህ ወፍራሙን ኤንዶሞርፍ፥ ደልዳላውን ሜሶሞርፍ፥ ቀጭኑን ኤክቶሞርፍ አለ። ሆኖም ማንንም ባንድ ስም ብቻ አልዘጋበትም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ከ1 እስከ 7 የሚደርሱ ሦስት ቍጥሮች ሰጠ እንጂ። በዚህስ የእኛ መምህራን ስለ አራቱ ባሕርያተ ሥጋ ከሚያስተምሩት ብዙ አይርቅም፤ እሳትና ነፋስ፥ ውኃና መሬት በሰው ሁሉ አሉና፤ ሰውን ከሰው መለያ ግን አይደሉም።

ስሕተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1942 ለሦስቱ አካላት ሦስት ጠባይ መደበላቸው፤ በ1949ም በቦስቶን ስለ 200 አጥፊ ወጣቶች ሲጽፍ ጥፋትን ከአካል ጋር አዛመደ። በእኛስ አገር ረጅሙን ሞኝ፥ አጭሩን ተንኮለኛ የሚል ልማድ የለምን? (የሳኦል ቁመት ምን እንዳስከተለ ካህናት ያውቁታል።) ፎቶግራፎቹም ራቁት የተነሡ ነበሩ። በ1950 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተማሪ ለወላጆቿ ብትናገር ሥዕሎቹ ተቃጠሉ።

ቃሉ ግን አልጠፋም። በ1967 ባርባራ ሂዝና ሊንዚ ካርተር ጠባይን ትተው በመለኪያ ብቻ፥ የቆዳን እጥፋትና የአጥንትን ስፋት፥ ቁመትንና ክብደትን እየለኩ ቍጥሩን የሚያወጡበትን መንገድ ጻፉ። በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች ሲለኩ ክብደት አንሺዎች በሁለተኛው ቍጥር፥ የረጅም መንገድ ሯጮች በሦስተኛው ከፍ ብለው ተገኙ። የዚያን ዓመት ማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነበር፤ እርሱን በአጅባር ገበያ ቢያዩት ሸንቃጣ ይሉት ነበር።