ማብራሪያው ተሽሮ ስሙ ሲቀር፦ ፕሮቲንን በብርሃን ስለሚመረምር ስልት ስያሜ

የሙያ ቃል ሲወለድ የዘመኑን ግምት ይዞ ይወለዳል፤ ግምቱ ሲሻር ግን ቃሉ አብሮ አይሻርም። የተርጓሚው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በብርሃን የሚታገዘው የኒውክለር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ይሆነናል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ባርጎንና ፊሸር በጀርመን፣ ዋርድና ሎለር በአሜሪካ፣ ሁለቱም ወገኖች በየፊናቸው አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ኬሚካዊ ለውጥ እየተካሄደ ሳለ የሃይድሮጅን ኒውክለሶች የሚሰጡት ምልክት ከወትሮው እጅግ ጎልቶ፣ አንዳንዴም ተገልብጦ ታየ። ምክንያቱ አስቀድሞ ይታወቅ የነበረው ዳይናሚክ ፖላራይዜሽን ነው ተብሎ ስለ ታመነ፣ ክሥተቱ «በኬሚካዊ ለውጥ የመጣ ዳይናሚክ የኒውክለስ ፖላራይዜሽን» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጠው። ይሁን እንጂ በ1969 ክሎስ በአንድ ወገን፣ ካፕታይንና ኦስተርሆፍ በሌላ ወገን፣ ትክክለኛው ምንጭ ጥንድ ሆነው የሚፈጠሩ ራዲካሎች መሆናቸውን አስረዱ። ማብራሪያው ወደቀ፤ «ዳይናሚክ» የሚለው ቅጽል ግን በስሙ ውስጥ ቀረ።

በ1978 ካፕታይን ከባልደረቦቹ ጋር ስልቱን ለፕሮቲን ምርመራ አዋለው። ፍላቪን የተባለ ቀለም ከፕሮቲኑ ጋር በውሃ ይሟሟል፤ የሌዘር ብርሃን ሲያርፍበትም ቀለሙ ከታይሮሲን፣ ከትሪፕቶፋንና ከሂስቲዲን ጋር ለቅጽበት ጥንድ ራዲካል ይፈጥራል። ምልክታቸው የሚጎላው ቀለሙ ሊደርስባቸው የሚችለው ብቻ ናቸው። ነገሩን ለደምበጫ ገበሬ ማስረዳት ቢያስፈልገን፣ ከጤፍ ክምር ላይ እጅ የሚደርሰው የውጭውን ነዶ ብቻ እንደ ሆነ ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህ ስልቱ ከፕሮቲኑ ገጽ ላይ ያለውን ከውስጥ ከተሸሸገው ይለያል።

ታዲያ ስሙን እንዴት እናምጣው? ኦክስጅን በግሪክኛ ሥሩ «አሲድ አስገኚ» ማለት ነው፤ ላቭዋዚዬ አሲድ ሁሉ ኦክስጅን አለበት ብሎ ያምን ነበርና። አማርኛ ቃሉን በድምፁ ስለ ወሰደው ከስሕተቱ ዳነ። በትርጉም ወስዶት ቢሆን ኖሮ የተሻረውን እምነት ለተማሪዎቻችን እንደ አዲስ ባስተማረ ነበር።

በእኛ አስተያየት፣ ከነባሩ ስም ውስጥ «ዳይናሚክ»ን «ተንቀሳቃሽ» ወይም «ንቁ» ብሎ መተርጎም ስሕተትን ሁለት ጊዜ መውለድ ነው። ይልቁን ከሚታየው ነገር ተነሥተን «በብርሃን የጎላ የኒውክለር ማግኔቲክ ሬዞናንስ» ብንል ይሻላል። የታይሮሲን ምልክት ተገልብጦ ቢታይም መጠኑ ይጎላልና ቃሉ አይዋሽም። ማብራሪያ ይለወጣል፤ የታየው ግን እንደ ታየ ይኖራል። ስያሜ መቆም ያለበትም በዚህ በማይለወጠው ላይ ነው።