የጓሳ ሣርና ጠባቂዎቹ

መካኒሳ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ የመንዝ ተወላጅ የሆኑ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። ከቤታቸው ግድግዳ ላይ አሮጌ ገሳ ተሰቅሏል፤ እረኛ በክረምት ዝናብ የሚደርበው የሣር ልብስ ነው። አንድ ቀን ትኩር ብዬ ሳየው፣ «ልጄ፣ ይህ ሣር እንዲሁ የታጨደ እንዳይመስልህ፤ ቀን ተጠብቆለት ነው» አሉኝ። የዚያን ቀን ጥበቃ ታሪክ ለአንባቢ ላካፍል ወደድሁ።

ሣሩ ጓሳ ይባላል። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ መንዝ ጌራ ምድር ውስጥ፣ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውርጫማ አገር በሣሩ ስም ይጠራል። ጓሳ ጎጆ ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ መጥረጊያም ይሆናል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም የሚኖሩት በዚሁ ሣር መካከል ነው።

እንደ አገሬው ትውፊት፣ ቦታውን ለልጆቻቸው የከለሉት በ17ኛው መቶ ዘመን የነበሩት አስቦና ጌራ ናቸው። የጥበቃው ሥርዓት ቀሮ ይባላል። ባለ ርስቶቹ በመረጡት አባ ቀራ መሪነት ቦታው ለዓመታት፣ አንዳንዴም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ይዘጋል። ያን ጊዜ ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ወደቀ። እዚህ ላይ መፍረድ ያስቸግራል። ቀሮ የሚያውቀው የአስቦንና የጌራን ዘር ብቻ ነበርና፣ ከሐረጉ ውጭ ላለው ድኻ አዋጁ በር ከፈተለት። ነገር ግን በሩ ሲከፈት በረኛውም ተነሣ። ሁሉም አጨደ፤ ሁሉም አሰማራ፤ ጓሳውም ተመናመነ። ኋላ የአካባቢው ገበሬዎች በየቀበሌያቸው ተወካይ መርጠው፣ ዘር ሳይቆጥሩ፣ ጥበቃውን መልሰው አቆሙ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

እኛም ልጆች ሳለን እዚህ መካኒሳ፣ ወንዙ ዳር፣ የሰፈሩ ከብት ሁሉ የሚግጥበት ሜዳ ነበረን። ዛሬ የለም። ይህን ለአዛውንቱ ብነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣

«አባ ቀራችሁ ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም።