በባለቤቱ አፍ የተነገረ ዋጋ፦ የአሜሪካ የጡረታ ፈንዶችና ዩኒቨርሲቲዎች ከአክሲዮን ገበያ ውጭ የወጡበት መንገድ

የዬል ዩኒቨርሲቲን ቋሚ ሀብት የሚያስተዳድረው ቢሮ በየዓመቱ ካወጣቸው ሪፖርቶች ውስጥ አንድ አኃዝ ተደጋግሞ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው ከ1973 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአክሲዮን ገበያ ባልተመዘገቡ ኩባንያዎች ላይ ያዋለው ገንዘብ በዓመት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ትርፍ አስገኝቷል ይላል። አኃዙ ተቋማዊ ባለሀብቶች ወደዚህ መስክ ስለገቡበት ምክንያት ሲነገር እንደ ዋና ማስረጃ ይጠቀሳል። እኛ ግን ከመቀበላችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ስለ ቀኑ ነው፤ የዚህ አካሄድ አባት የሚባለው ዴቪድ ስዌንሰን ዬል የደረሰው በ1985፣ ማለትም ሥራው ከተጀመረ ከ12 ዓመት በኋላ ነውና። ሁለተኛው ስለ ስሌቱ ነው፤ ማን አሰላው፣ እንዴትስ አሰላው?

ነገሩ የሚጀምረው ከዬልም በፊት ነው። በ1946 ቦስተን ውስጥ አሜሪካን ሪሰርች ኤንድ ዴቨሎፕመንት የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል በኋላ ሴናተር የሆነው ራልፍ ፍላንደርስ፣ የኤምአይቲ ፕሬዚዳንት ካርል ኮምፕተን፣ ኩባንያውንም ለሩብ ምዕተ ዓመት የመራው የሃርቫርድ መምህር ጆርጅ ዶሪዮ ይገኛሉ። ሥጋታቸው ግልጽ ነበር፤ የአገሪቱ ቁጠባ ከሀብታም ቤተሰቦች እጅ እየወጣ በኢንሹራንስ ኩባንያዎችና በመሰል ተቋማት ካዝና ይከማቻል፤ እነዚህ ደግሞ ገና ለተወለደ ኩባንያ ገንዘብ ለመስጠት አይደፍሩም። ለዚህ ጥንቃቄ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1830 የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሃርቫርድ ኮሌጅ ተከራካሪ በሆነበት መዝገብ፣ የሌላውን ሀብት በአደራ የያዘ ሰው አስተዋይ ሰው የገዛ ሀብቱን እንደሚይዘው አድርጎ ይያዘው ሲል ወስኖ ነበር። ደንቡ በመነሻው ለአደራ ጠባቂው ነጻነት የሚሰጥ ቢሆንም፣ ትውልድ በተፈራረቀ ቁጥር በተግባር ወደ ፍርሃት አዘንብሏል።

የዶሪዮ ኩባንያ ዝነኛ የሆነው በ1957 ለኮምፒውተር ሠሪው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት 70 ሺህ ዶላር ሰጥቶ 70 በመቶ የባለቤትነት ድርሻ በመያዙ ነው። ድርሻው በኋላ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በዚህ ላይ ምንጮቹ አንድ ድምፅ አይደሉም። ብዙ ጽሑፎች ዲጂታል አክሲዮኑን ለሕዝብ ያቀረበበትን ዓመት 1968 ሲሉ፣ ኩባንያው ገበያ የገባው ግን በ1966 ነው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የአማካዩ ጉዳይ ነው። የዶሪዮ ኩባንያ በ1972 በቴክስትሮን እስኪጠቀለል ድረስ ያስገኘው ዓመታዊ ትርፍ ወደ 15 በመቶ ሲገመት፣ ዲጂታልን ከሒሳቡ ብናወጣ ወደ ግማሹ ይወርዳል። በዚህ ሥራ አማካይ የሚባለው ነገር የአንድ ወይም የሁለት ዕድለኛ ውጤት ጥላ ሊሆን እንደሚችል መዝገቡ ገና ከማለዳው ያሳያል።

የዶሪዮ ኩባንያ በሌላ በኩልም ወራሽ አላገኘም። የራሱ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥ፣ በ1940ው የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ሕግ የታሰረ ስለነበር፣ ሠራተኞቹን ከትርፉ እንደልቡ ሊያካፍል አልቻለም። በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው ድሬፐር፣ ጌይተር ኤንድ አንደርሰን የመረጠው ቅርጽ ግን ጸና። ይህም የ1960ው የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ «ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት የሽርክና ማኅበር» ብሎ ያውቀው የነበረው ዓይነት ነው። ገንዘብ አቅራቢው ካዋጣው በላይ አይጠየቅም፣ በአስተዳደሩም አይገባም፤ አስተዳዳሪው ደግሞ ሥራውን ይመራል፣ ከትርፉም ድርሻ ይወስዳል። ተቋማቱ በኋላ በብዛት የገቡት በዚህ በር ነው።

በሩ የተከፈተበትን ምክንያት በተመለከተ ሁለት ትረካዎች ይጋጫሉ። ስቱድቤከር የተባለው የመኪና ፋብሪካ በ1963 መጨረሻ ሳውዝ ቤንድ ላይ ሲዘጋ፣ ከ4 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ከጡረታ መብታቸው ከአንድ ዶላር 15 ሳንቲም ብቻ ደረሳቸው። የጡረታ ጥበቃ ሕጉ በ1974 ሲታወጅ ይህ መዓት በሕግ አውጪዎቹ አእምሮ ውስጥ ነበር። ሕጉ የአስተዋይ ሰውን ደንብ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲያጸና፣ ጥፋተኛውን አስተዳዳሪ በግል ተጠያቂ ስለሚያደርግ የግል ኩባንያዎችን ከናካቴው አስፈሪ አደረጋቸው። በ1979 ግን የሠራተኛ ሚኒስቴር፣ አስተዋይነት የሚለካው አንድን ሀብት ነጥሎ በማየት ሳይሆን በጠቅላላው ክምችት ውስጥ ባለው ሚና ነው ሲል አብራራ። አንዱ ትረካ ለውጡን ሁሉ ከዚህ ማብራሪያ ይቆጥራል፤ ሌላው ደግሞ በ1978 ለተደረገው የካፒታል ዕድገት ግብር ቅነሳ ይሰጠዋል።

ፖል ጎምፐርስና ጆሽ ለርነር የተባሉት ተመራማሪዎች ያጠናቀሩት መረጃ ለመጀመሪያው ያደላል። ለጀማሪ ኩባንያዎች ገንዘብ ለሚሰጡት የቬንቸር ካፒታል ፈንዶች ከተዋጣው አዲስ ገንዘብ የጡረታ ፈንዶች ድርሻ በ1978 15 በመቶ ነበር፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ሆነ። የጡረታ ፈንድ ደግሞ ግብር አይከፍልም፤ ስለዚህ የግብር ቅነሳው የእነርሱን መምጣት በቀጥታ ሊያስረዳ አይችልም። ቢረዳም የረዳው በሌላ ወገን፣ ሰዎች ደመወዝ ትተው ኩባንያ እንዲያቋቁሙ በማደፋፈር ነው።

ሆኖም ሕጋዊው ምክንያትም ብቻውን አይበቃም። ነባር ኩባንያዎችን በሚገዛው ዘርፍ ፈር የቀደደው የኦሪገን ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሲሆን፣ የግዛት ጡረታዎች ደግሞ ከ1974ቱ ሕግ ውጭ ናቸው። በሮጀር ሜየር የሚመራው የኦሪገን የኢንቨስትመንት ምክር ቤት በ1981፣ ኩባንያ ገዢው ድርጅት ኬኬአር የፍሬድ ሜየርን የመደብሮች ሰንሰለት ሲገዛ 178 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። እዚህ ላይ ሕግ ሳይሆን የአንድ ሰው ድፍረትና ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር የነበረው መተማመን ሚዛን እንደደፋ መቀበል ይኖርብናል። ኬኬአር በዚያ አላቆመም፤ በ1988 አርጄአር ናቢስኮን ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ፣ አብዛኛው ብድር በሆነ ገንዘብ ለመግዛት ተስማማ። ግዢው በዘመኑ ወደር ያልነበረው ቢሆንም ለባለገንዘቦቹ ያስገኘው ፍሬ ከዝናው በታች ሆነ።

ወደ ዬል እንመለስ። የኖቤል ተሸላሚው የጀምስ ቶቢን ተማሪ የነበረው ስዌንሰን በ31 ዓመቱ ሥራውን ሲረከብ ሀብቱ ወደ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2020 አጋማሽ 31.2 ቢሊዮን ደርሷል። የሐሳቡ ፍሬ ነገር፣ ለዘላለም ይኖራል ተብሎ የተመሠረተ ተቋም ሀብቱን ነገ ለመሸጥ ስለማይቸኩል፣ ለትዕግሥቱ ዋጋ ሊከፈለው ይገባል የሚል ነው። የግል ኩባንያዎችን ሥራ ያስጀመረው እርሱ አይደለም፤ ሙከራውን ሥርዓት፣ ሥርዓቱንም ትምህርት ያደረገው ግን እርሱ ነው። በ2000 ያሳተመው መጽሐፍ የሌሎች ተቋማት መመሪያ ሆነ። በ2005 ለተራው ቆጣቢ በጻፈው መጽሐፍ ግን ተቃራኒውን፣ ገበያውን በርካሽ የሚከተሉ ፈንዶችን ያዙ የሚለውን መከረ። ሁለቱ መጻሕፍት የሚጣሉ ቢመስሉም፣ ይህ መንገድ ለሁሉ እንዳልሆነ የመሰከረው መንገዱን የጠረገው ሰው ራሱ መሆኑን ልብ እንላለን።

ትዕግሥቱም ገደብ እንዳለው የ2008ቱ ቀውስ አሳየ። ተቋማቱ ለፈንዶች የገቡት ቃል አስተዳዳሪው በጠራ ጊዜ የሚከፈል ግዴታ ነው፤ ተመላሹ ሲደርቅም ጥሪው አይቀርም። በ2009 የበጀት ዓመት ዬል 24.6፣ ሃርቫርድ 27.3 በመቶ ከሰሩ። ሃርቫርድ በታኅሣሥ 2008 ቦንድ ሸጦ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመበደር ተገደደ።

የቀረው የስሌቱ ጥያቄ ነው። ስቲቨን ካፕላንና አንቶኔት ሾር በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ አማካዩ ፈንድ ክፍያው ከተቀነሰ በኋላ ከአክሲዮን ገበያው ብዙም እንደማይለይ አገኙ። ያው ካፕላን ከሌሎች ጋር በ2014 ባወጣው ጥናት ደግሞ የኩባንያ ግዢ ፈንዶች በዓመት ከ3 በመቶ በላይ ይበልጣሉ አለ። የኦክስፎርዱ ሉዶቪክ ፋሊፑ በበኩሉ በ2020፣ ከ2006 ወዲህ ብልጫ የለም ሲል ተከራከረ። ልዩነቱ በከፊል የምንጭ ልዩነት ነው፤ የመጀመሪያው ጥናት የተመሠረተበት መዝገብ የአንዳንድ ፈንዶችን ዋጋ ማደስ አቁሞ እንደነበር በኋላ ታውቋል፣ የ2014ቱ ግን ከገንዘብ አቅራቢዎቹ መዝገብ የተቀዳ ነበር። የክፍያው መዝገብም ቢሆን ዘግይቶ ነው የተገለጠው። ታላቁ የካሊፎርኒያ የጡረታ ፈንድ ካልፐርስ ከ1990 ጀምሮ ለአስተዳዳሪዎች 3.4 ቢሊዮን ዶላር የትርፍ ድርሻ መሄዱን ለሕዝብ የነገረው በ2015 ነው።

የዬል 30 በመቶም በዚህ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። ገንዘቡ የገባበትንና የወጣበትን ቀን የሚመዝነው ይህ የስሌት ዓይነት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ የተገኘን ትልቅ ትርፍ ለዘለቄታው ይዞ ይቀራል፤ ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣ መካከለኛ ውጤት አኃዙን እምብዛም አይነቀንቀውም። ስለዚህ አኃዙ ሐሰት ነው አንልም፤ ስለ ጥንቱ የሚመሰክር ሆኖ ሳለ ስለ ዛሬው ይጠቀሳል እንላለን። ገና ያልተሸጠው ሀብት ዋጋ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ የሚገመተው ሀብቱን በሚያስተዳድረው ወገን ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ሰው በገዛ ጉዳዩ የሚሰጠውን ምስክርነት ሳይጥል፣ ግን ለብቻው ሳይቀበል እንደሚይዘው ሁሉ ይህንንም እንዲሁ እንይዘዋለን። ስዌንሰን በ2021 ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ ዬል ከእነዚህ ድርሻዎች የተወሰኑትን ለመሸጥ እያሰበ መሆኑን አረጋገጠ። ድርሻዎቹ ለገበያ ሲወጡ ዋጋቸውን የሚናገረው ገዢው ነው።