ሽታ የሌለው ጭስ

በአገር ቤት የምድጃው ጭስ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም በሣር ክዳኑ መሃል እየሾለከ ይወጣ ነበር። የዚህ አገር የሲሚንቶ ቤት ግን በብርድ ጊዜ መስኮቱ ከተዘጋ መውጫ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1896 በዌልስ፣ ታይለርስታውን በተባለ ቦታ፣ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፈንድቶ 57 ሰዎች ሞቱ። ጆን ሃልዴን የተባለ ሐኪም ሬሳዎቹን ሲመረምር የብዙዎቹ ፊት እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቶ አገኘው። አብዛኞቹን የገደላቸው ፍንዳታው ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ነበር። ይህ አየር ቀለምም ሽታም የለውም። ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ከደም ጋር ስለሚጣበቅ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ሃልዴን መርዙን ራሱ እየተነፈሰ ሞክሮታል፤ ድፍረቱ ይገርመኛል! በእርሱ ምክር ሠራተኞቹ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው ይወርዱ ጀመር። መርዙ ካለ ወፏ ቀድማ ትወድቃለች። ብሪታንያ ወፎቹን በመሣሪያ መተካት የጀመረችው በ1986 ነው።

ለሥራ በምገባባቸው ቤቶች እናቶች፣ «የቡናው ከሰል ፍም ከሆነ ጭስ የለውም» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ጭሱ የለም፤ ያ አየር ግን ከፍሙም ይወጣል። ስለዚህ ከሰሉ ከቤት ውጭ ይሁን። ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከያዘው፣ ጉንፋን ነው ሳትሉ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡና በ101 አምቡላንስ ጥሩ።