ፈተናን የሚለይ ሞተር፦ የቮልስዋገን ማጭበርበርና መዘዙ

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መስከረም 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ለጀርመኑ መኪና አምራች ለቮልስዋገን የላከው የሕግ ጥሰት ማስታወቂያ፣ ኩባንያው በናፍጣ አውቶሞቢሎቹ ውስጥ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር መደበቁን ለዓለም ይፋ አደረገ። በመጀመሪያ የተጠቀሱት መኪናዎች 482 ሺህ ገደማ ሲሆኑ፣ ከቀናት በኋላ ኩባንያው ራሱ በመላው ዓለም 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ይኸው ሶፍትዌር እንዳላቸው አመነ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርንም ሳምንት ሳይሞላ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጉዳዩ የአሜሪካና የአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ወሬ ብቻ ሆኖ ይታሰብ ይሆናል፤ ነገር ግን የናፍጣ ጭስ ከሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚኖርን ሕዝብ ሁሉ፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያሉትን የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጭምር፣ በቀጥታ የሚመለከት ታሪክ ነው።

የማጭበርበሩን ባሕርይ ለመረዳት የናፍጣ ሞተርን አሠራር በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ሲሆን፣ የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ከሚፈጠረው ግለት ያቀጣጥላል፤ በዚህም ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉልበቱም ለጭነት ይመቻል። ሆኖም በዚያው ግለት ውስጥ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ተዋሕደው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባሉትን ጋዞች ይፈጥራሉ፤ እነዚህም የመተንፈሻ አካልን የሚጎዱ፣ አስምን የሚያባብሱ፣ ከአየር ጋር ሲቆዩም ወደ ኦዞንና ወደ ደቃቅ ብናኝ የሚለወጡ ናቸው። እንደ ጥቁሩ ጭስ ለዓይን ጎልተው ስለማይታዩ፣ ማርሚታው ንጹሕ የሚመስል መኪናም በብዛት ሊለቃቸው ይችላል። እነርሱን ለመቀነስ ወይ ጋዙን ይዞ የሚያስቀር ማጣሪያ ይገጠማል፣ ወይ ደግሞ ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ ወደ ጭሱ ይረጫል፤ ይህ ዩሪያ የአርሲ ገበሬ ለስንዴው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ያው ንጥረ ነገር ነው። ማጣሪያው ራሱን ሲያጸዳ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈጃል፣ ፈሳሹም ቶሎ ቶሎ መሞላት ይፈልጋል፤ የኩባንያው መሐንዲሶች ዝቅተኛ ወጪን፣ የነዳጅ ቁጠባንና የአሜሪካን ጥብቅ ገደብ በአንድነት ማሟላት ሲሳናቸው፣ ገደቡን በምርመራው ወቅት ብቻ የሚያከብር ሞተር ሠሩ።

በላቦራቶሪ የሚመረመር መኪና ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ጎማዎቹ በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ እየዞሩ፣ በሰከንድ የተለካ የፍጥነት መርሐ ግብር ይከተላል፤ መሪውም አይዞርም። ኢኤ 189 በተባለው ሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ውስጥ የተጻፈው ሶፍትዌር እነዚህን ምልክቶች አገናዝቦ ምርመራ ላይ መሆኑን ሲለይ የጭስ ማጣሪያውን በሙሉ አቅም ያሠራል፤ መኪናው ጎዳና ላይ ሲወጣ ግን አሠራሩን ያላላዋል። በዚህ ጊዜ ልቀቱ በሕግ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ እንደነበር ኤጀንሲው አስታውቋል።

ይህን ያጋለጡት በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በዳንኤል ካርደር የሚመሩ ጥቂት ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ጥናታቸው ከ70 ሺህ ዶላር ባልበለጠ ገንዘብ የተሠራ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ሥራውን ያዘዘው ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት የተባለው ተቋም የፈለገውም ወንጀል ማጋለጥ ሳይሆን፣ በአሜሪካ የሚሸጡት የናፍጣ መኪናዎች ከአውሮፓዎቹ የጸዱ መሆናቸውን ማሳየት ነበር። ተመራማሪዎቹ የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ከነጄኔሬተሩ መኪና ላይ ጭነው በካሊፎርኒያ ከተሞችና አውራ ጎዳናዎች፣ ከዚያም እስከ ሲያትል ነዱ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሕጉን ያከበረችው ቮልስዋገን ጄታ በመንገድ ላይ ከገደቡ ከ15 እስከ 35 እጥፍ፣ ፓሳት ደግሞ ከ5 እስከ 20 እጥፍ ሲለቁ አገኟቸው። ኩባንያው ከአንድ ዓመት በላይ ልዩ ልዩ ምክንያት ሲደረድር ቆይቶ ያመነው፣ ኤጀንሲውና የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ለእ.ኤ.አ. 2016 ሞዴል መኪናዎቹ የሽያጭ ፈቃድ እንደማይሰጡት ሲረዳ ነው።

ቅጣቱ ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በተደረሰው 14.7 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት፣ እስከ 10 ቢሊዮን የሚደርሰው መኪናዎቹን ከባለቤቶቻቸው መልሶ ለመግዛትና ለካሳ፣ 2.7 ቢሊዮን የተበከለውን አየር ለሚያካክሱ ሥራዎች፣ 2 ቢሊዮን ደግሞ ለኤሌክትሪክ መኪና ልማት ተመደበ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ጥፋተኝነቱን አምኖ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ተጨመረበት፤ ኦሊቨር ሽሚት የተባለ ሥራ አስኪያጁም 7 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በአጠቃላይ ጉዳዩ ኩባንያውን ከ30 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አስወጥቶታል።

የገንዘቡ አካሄድ ሲታይ ግን ካሳው በአመዛኙ የተከተለው መኪናውን የገዛውን እንጂ ጭሱን የተነፈሰውን አይደለም። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረሰው 830 ሚሊዮን ዩሮ ስምምነት የተካሱት ባለ መኪናዎች ናቸው፤ መንገድ ዳር ያደገ አስም ያለበት ሕፃን ደረሰኝ ስለሌለው ከሳሽ መሆን አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በ11 ዋና ዋና ገበያዎች የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ከገደብ በላይ የሚለቁት ናይትሮጅን ኦክሳይድ በ2015 ብቻ ወደ 38 ሺህ ለሚጠጉ ያለ ዕድሜ ሞቶች ምክንያት መሆኑን ገምቷል። ግምቱ የሁሉንም አምራቾች ተሽከርካሪዎች የሚያካትት ሲሆን፣ ከትርፍ ልቀቱ ትልቁን ድርሻ የያዙት አውቶሞቢሎች ሳይሆኑ ከባድ መኪናዎች ነበሩ።

የከባድ መኪና ሞተሮችም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1998 ካተርፒላር፣ ካሚንስ፣ ቮልቮና ሬኖን ጨምሮ ሰባት አምራቾች፣ ሞተሮቻቸው በረጅም የጎዳና ጉዞ ላይ የልቀት ቁጥጥሩን የሚያላሉ ሆነው በመገኘታቸው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ የሚጠይቅ ስምምነት ለመፈጸም ተገደዋል። የጃፓኑ ሂኖ እ.ኤ.አ. በ2022 የልቀት መረጃ ሲያዛባ መኖሩን አምኗል። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ቶዮታ ኢንዱስትሪስ፣ በሃይሉክስ፣ በላንድክሩዘርና በሃይኤስ ላይ የሚገጠሙትን ጨምሮ የሦስት ናፍጣ ሞተሮችን የጉልበት ምርመራ ለሽያጭ ከሚቀርበው በተለየ ሶፍትዌር ማካሄዱ ተገልጿል፤ ይህኛው ልቀትን ሳይሆን የፈረስ ጉልበትን የሚመለከት ቢሆንም፣ ለፈተና የሚቀርበውና ለገዢ የሚሸጠው አንድ አለመሆናቸው ያመሳስለዋል።

በዚያው ጥር ወር የኢትዮጵያ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ውሳኔውን የገፋው በዋናነት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጎዳናውን ከሞሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች መካከል በቻይና የሚመረቱት አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ፣ ቮልስዋገን ከናፍጣው ቅሌት በኋላ ፊቱን በጥድፊያ ወደ ኤሌክትሪክ ያዞረበት ዘመን ውጤቶች ናቸው። አገር ውስጥ ያሉት የናፍጣ መኪናዎች ግን ሥራቸውን ቀጥለዋል። ጭነት የሞላ ተሳቢ ከላንጋኖ ተነሥቶ ወደ አርሲ ነገሌና ወደ ኩየራ ሲያመራ ዳገት ይጠብቀዋል፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ በአሮጌ ሞተር ውስጥ የሚገባው ናፍጣ በሙሉ አይቃጠልም፣ ያልተቃጠለውም ጥቁር ጭስ ሆኖ መንገድ ዳር ባሉ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች ላይ ያርፋል።

ቦሎ ለማግኘት የሚደረገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚካሄደው በጣቢያ ውስጥ ነው፤ ዳገት የሚወጣ ባለ ጭነት መኪና በዚያ ሊታይ አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት ከቅሌቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ጀምሮ አዳዲስ የመኪና ሞዴሎች በተንቀሳቃሽ መለኪያ መንገድ ላይ እንዲፈተኑ ግዴታ አድርጓል። በአገራችን እንዲህ ያለ ልኬት ቢጀመር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው በከባድ መኪናዎች ላይ፣ ሙሉ ጭነት እንደያዙ፣ ከላንጋኖ እስከ ኩየራ ባለው ዳገት ነው፤ ውጤቱም ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ሳይሆን ጭሱን ለሚተነፍሱት ነዋሪዎችም ሊነገር ይገባል።