በጅማ ወይስ በአጎራባች የቡና ከተሞች? ቤት ገዢ ሊያጤናቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲውን ከነሆስፒታሉ እንዲሁም የዞኑን መስተዳድር መስሪያ ቤቶች የያዘች በመሆኗ ቤት ገዢ የመንግስት ሰራተኞችን ትስባለች። በዙሪያዋ በአዲስ አበባው መንገድ ሰርቦ፣ በቦንጋው ሰቃ፣ በበደሌው ደግሞ አጋሮ ይገኛሉ።

ሰርቦና ሰቃ ለጅማ ቅርብ በመሆናቸው በየዕለቱ መመላለስ ይቻላል። አጋሮ ግን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ በቤቱ ዋጋ የተገኘው ቅናሽ በደርሶ መልስ ጉዞ ወጪ ሊያልቅ ይችላል። ስራው በዚያው ለሆነ ወይም በአካባቢው የቡና ማሳ ላለው ቤተሰብ ግን አመቺ ናት።

በየትኛውም ከተማ ቢሆን በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሰረት መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፤ ገዢው የሚያገኘው የቤቱን ባለቤትነትና በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሁፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል።

በመሆኑም ቀብድ ከመክፈል አስቀድሞ የይዞታ ካርታውን ትክክለኛነትና ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን ከከተማው መሬት አስተዳደር ማረጋገጥ ይገባል። በሽማግሌዎች ፊት ብቻ የተፈረመ ወረቀት የቤተሰብን የዓመታት ቁጠባ ለአደጋ ያጋልጣል።