አየር ማረፊያውና ፋብሪካው፦ አትላንታና ዲትሮይት ለምን ተለያዩ?

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ አትላንታ ብትበሩ የምታርፉት ሃርትስፊልድ-ጃክሰን በሚባል አየር ማረፊያ ነው። በመንገደኛ ብዛት ለዓመታት የዓለም አንደኛ ሲባል የኖረ ነው። “ጃክሰን” የሚለው ስም የሜይናርድ ጃክሰን፣ የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ነው። ስሙ እዚያ የተለጠፈበትን ምክንያት እንደርስበታለን።

ጃክሰን የተመረጠው በ1973 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዚያው ዓመት ዲትሮይትም የመጀመሪያውን ጥቁር ከንቲባዋን ኮልማን ያንግን መረጠች። ሁለቱም በጥር 1974 ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ግን አትላንታ የጥቁር ነጋዴዎችና ባለሀብቶች ከተማ ተብላ ትጠራለች፤ ዲትሮይት ደግሞ በ2013 መክሰሯን አውጃ ፍርድ ቤት ገባች። ምን ተፈጠረ? “አንዱ ከንቲባ ጎበዝ፣ ሌላው ሰነፍ ስለነበረ” የሚለውን መልስ ለጊዜው አቆዩት። ነገሩ ከሁለቱም በፊት ነው የሚጀምረው።

እድር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጥቁር አሜሪካውያንም በየቤተ ክርስቲያናቸው ተመሳሳይ ነገር ነበራቸው፤ በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጡ የታመመውን ይረዳሉ፣ የሞተውን ይቀብራሉ። በ1905 የጆርጂያ ግዛት እንዲህ ያለ ማኅበር 5,000 ዶላር ካላስያዘ መሥራት አይችልም የሚል ሕግ አወጣ። ይሄን ያህል ብር ከየት ይመጣል? በአትላንታ አንዱን ማኅበር አሎንዞ ኸርንደን የተባለ ሰው ገዛው። ኸርንደን በ1858 በባርነት የተወለደ፣ በኋላ በፀጉር አስተካካይነት የበለጸገ ሰው ነው። (የሚገርመው፣ ባለቤቱም ሠራተኞቹም ጥቁር በሆኑበት በዚያ ፀጉር ቤት መስተካከል የሚችለው ነጭ ብቻ ነበር። ዘመኑ እንደዚያ ነበር።)

ያ ማኅበር አድጎ አትላንታ ላይፍ የሚባል ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሆነ። ኢንሹራንስ ደግሞ ከእድር የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የተዋጣው ሳንቲም ተጠራቅሞ ትልቅ ገንዘብ ይሆናል፣ ያ ገንዘብ ደግሞ ይበደራል። የነጭ ባንኮች ፊት ለነሷቸው ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በ1921 ሲቲዝንስ ትረስት የሚባል የጥቁሮች ባንክ ተጨመረ። በ1906 ነጮች በጥቁሮች ላይ ጭፍጨፋ ካደረሱ በኋላ የጥቁሮች ንግድ ይበልጥ ወደ ኦበርን ጎዳና ተሰበሰበ፤ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ጋዜጣውም እዚያው ጎዳና ላይ ነበሩ። በከተማዋ ሌላ ጫፍ እንደ ሞርሃውስና ስፔልማን ያሉ ኮሌጆች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መምህርና ሐኪም ያወጡ ነበር።

ዲትሮይትስ? እዚያ ሰው የሚጎርፈው ለደመወዝ ነው። ፎርድ በ1914 በቀን 5 ዶላር እከፍላለሁ አለ፤ ከተለመደው እጥፍ ገደማ ማለት ነው። በ1910 ከ6,000 የማይበልጡት የከተማዋ ጥቁሮች በ1930 ወደ 120,000 ደረሱ። የሚሰጣቸው ሥራ ብዙ ጊዜ እሳት የሚያንገበግበው ብረት ማቅለጫ ቢሆንም፣ የሠራተኛ ማኅበሩ በ1941 ፎርድን ካስገደደ በኋላ ኮሌጅ ያልረገጠ ሰው በደመወዙ ቤት መግዛት ቻለ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ ተራ ሠራተኛ ብሆን ከአትላንታ ይልቅ ዲትሮይትን እመርጥ ነበር።

ግን የትኛው ቤት? በዚያው በ1941 በዲትሮይት ሰሜናዊ ክፍል አንድ ነጭ የቤት ገንቢ ከጥቁሮች ሰፈር አጠገብ ቤት ሊሠራ አስቦ የመንግሥት የብድር ዋስትና ተከለከለ፤ ምክንያቱ ጥቁሮች ቅርብ መሆናቸው ነው። መፍትሔው ምን መሰላችሁ? በሁለቱ መሃል ወደ 800 ሜትር የሚረዝም የኮንክሪት አጥር ገነባ። ዋስትናው ተፈቀደለት። አጥሩ ዛሬም አለ። በአሜሪካ የተራ ሰው ዋናው ሀብት ቤት ነው፤ አስይዘህ ትበደርበታለህ፣ ለልጅ ታወርሰዋለህ። ከአጥሩ ወዲህ ያለው ቤት ግን ዋጋው እንዳያድግ ከመነሻው ተፈርዶበታል።

ከዚያ ደመወዙም መሄድ ጀመረ። ከ1947 እስከ 1963 ባለው ጊዜ ዲትሮይት 134,000 የፋብሪካ ሥራዎችን አጣች፤ ኩባንያዎቹ አዳዲስ ፋብሪካ የሚተክሉት ከከተማው ወሰን ውጪና በሌሎች ግዛቶች ነበር። ዓመቶቹን ልብ በሉ። ብዙ ሰው የዲትሮይትን ውድቀት 43 ሰዎች ከሞቱበት ከ1967ቱ ሁከት ይጀምራል፤ ሥራው ግን ያኔ ከሄደ ቆይቷል። ሄስቲንግስ የሚባለው የጥቁሮች የንግድ ጎዳናም ለአውራ መንገድ ተብሎ ፈርሷል። የአትላንታን ኦበርንንም አውራ መንገድ ለሁለት ሰንጥቆታል፤ ባንኩና ኢንሹራንሱ ግን ተረፉ።

እንግዲህ ወደ 1974 እንመለስ። ጃክሰን ሥራ ሲጀምር ከከተማዋ ኮንትራት ውስጥ ለጥቁር ኩባንያዎች የሚደርሰው 1 በመቶ እንኳን አይሞላም ነበር። ከተማዋ ግን አዲስ የአየር ማረፊያ ተርሚናል ልትሠራ ነው፣ ወጪው ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ጃክሰን ከሥራው 25 በመቶ የሚሆነው ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳዎች ካልደረሰ፣ ትልልቆቹ ተቋራጮችም ከእነሱ ጋር ሽርክና ካልገቡ ግንባታው አይጀመርም አለ። የከተማው ነጋዴዎች ጮሁ፣ ጋዜጦች ተቹት። በ1980 ተርሚናሉ ተከፈተ። የአትላንታ ጥቁር ተቋራጮች፣ ጠበቆችና የሂሳብ ባለሙያዎች ካፒታል ያፈሩት በዚህ በር ገብተው ነው። በሩ ሲከፈት የሚገባ ሰው ያዘጋጁት ደግሞ ኮሌጆቹና የኦበርን ባንኮች ናቸው።

ያንግስ? የፖሊስ ኃይሉን ለጥቁሮች ከፍቷል፣ የከተማ ሥራም ሰጥቷል። ነገር ግን አየር ማረፊያ የከተማው ንብረት ነው፣ ተነስቶም አይሄድም። ፋብሪካ የባለቤቱ ነው፣ ይሄዳል። በ1981 ያንግ አንድ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ከከተማዋ እንዳይወጣ ሲል ፖልታውን የሚባለውን ሰፈር አፍርሶ ከ4,000 በላይ ነዋሪዎችን አስነሳ። አትላንታ ውስጥ ኩባንያዎቹ ከንቲባውን ሲለምኑ፣ እዚህ ከንቲባው ኩባንያውን ይለምናል። በ1950 1.85 ሚሊዮን የነበረው የዲትሮይት ሕዝብ በ2010 ወደ 714,000 ወርዶ ነበር፤ ግብር የሚከፍለው አብሮ ሄዷል።

ታዲያ አትላንታ አሸነፈች? በ2014 የወጣ የኢኮኖሚክስ ጥናት ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ ልጆች የት እንደደረሱ ተከታተለ። በአትላንታ አካባቢ ከገቢ መሰላሉ የመጨረሻ እርከን ተነስተው ላይኛው እርከን የደረሱት 4.5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ቁጥር። የተርሚናሉ ኮንትራት ጠበቃውንና ተቋራጩን አበለጸገ፣ ወለሉን የሚያጸዳው ሰው ጋ ግን ብዙም አልደረሰም።

አንዱ ምክንያት በጣም ተራ ነገር ነው፤ አውቶቡስና ባቡር። ሥራው ወደ ከተማ ዳርቻ ሲስፋፋ መኪና የሌለው ሰው የሚሄድበት አጣ። በ1971 ክሌይተንና ግዊኔት የሚባሉት አጎራባች ካውንቲዎች የአትላንታን የሕዝብ ትራንስፖርት በድምፅ አንፈልግም አሉ፤ ከተቃውሞው ጀርባ የጥቁሮችን መምጣት መፍራት ነበረበት። አየር ማረፊያው በአብዛኛው ያረፈበት ክሌይተን ሐሳቡን የቀየረው በ2014 ነው። ግዊኔት በ2019 ድጋሚ ተጠየቀች። አሁንም እምቢ አለች።